ካኖን ወይስ ሶኒ? የአውበሬው ፎቶ ቤት ምርጫ

ግጥም መጻፉን እርግፍ አድርጎ ትቶ ወደ ንግድ የገባው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1881 ከሐረር ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ የፎቶግራፍ ማንሻ ሊያስመጣ ማሰቡን ገለጠ። ማንሻው ከሊዮን ተገዝቶ፣ ባሕር ተሻግሮ እጁ እስኪገባ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። በሜይ 1883 ራሱን በራሱ ያነሳቸውን ፎቶዎች ከሐረር ወደ አገሩ ላከ። አብሮ በላከው ደብዳቤ ላይ ግን ምስሎቹ እንደነጡ ጽፏል፤ ምክንያቱ ያጠበበት ውሃ መጥፎ መሆኑ ነው።

ካሜራ ልገዛ ነው ብሎ ለሚያማክረኝ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ። መሣሪያው ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል፣ ረጅም መንገድም ተጉዟል። ሥራውን ያበላሸው ግን በየትኛውም የመሣሪያ ዝርዝር ላይ የማይጻፍ ነገር ነው።

ዛሬ ፎቶ በውሃ አይታጠብም። ቢሆንም እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ውሃ አለው። የቀትሩ ፀሐይ፣ የአዳራሹ አምፖል፣ አቧራው፣ የመብራቱ መጥፋትና መምጣት፣ ገበያው ላይ የሚገኘው ሌንስ፤ እነዚህ ሁሉ የራምቦ ውሃ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ሁለቱን ተፎካካሪ ካሜራዎች ሱቅ መስኮት ላይ አናወዳድራቸውም። ከሐረር ተነስተን፣ ካራማራን ተሻግረን፣ ጅግጅጋን አልፈን ወደ ሰሜን አውበሬ ድረስ እንወስዳቸዋለን።

አውበሬ ተፈሪ በር በሚል ስምም ትታወቃለች። ከጅግጅጋ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ለሶማሌላንድ ድንበር ቅርብ ሆና የተቀመጠች ከተማ ናት። ስሟ መቃብራቸው በአካባቢው ከሚገኘው ሼኽ አውበሬ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውበሬ የስደተኞች መጠለያ ተከፈተ፤ በዓመቱ ደግሞ የሸደር መጠለያ ተከተለ። እንዲህ ባለች ከተማ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው ጠዋት ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ቀትር ላይ የተማሪዎች ምረቃ ይጠራዋል፣ ማታ ሰርግ ይሠራል። አልፎ አልፎም አንድ ድርጅት የውሃ ፕሮጀክት ምረቃ ቅረጽልኝ ብሎ ይመጣል።

እስቲ አንድ ወጣት ባለፎቶ ቤት በሐሳባችን እናቁም። እጁ ላይ ያለው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ካኖን 6ዲ ነው። ከካሜራው ጋር የመጣ 24-105 ሌንስ አለው፣ ለፊት ፎቶ ደግሞ አንድ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጨምሯል። ገንዘብ አጠራቅሟል፤ አሁን አዲስ ቦዲ ይፈልጋል። በሐሳቡ የሚመላለሱት ሁለት ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 የተዋወቀውና ነጋዴው «ኤ ሰቨን ፎር» የሚለው ሶኒ ነው። ሁለተኛው በኖቬምበር 2022 የተከተለው «አር ሲክስ ማርክ ቱ» የሚባለው ካኖን ነው። ሁለቱም ገበያ ሲወጡ ዋጋቸው 2,500 ዶላር ገደማ ነበር። ሁለቱም መስታወት የሌላቸው፣ ሴንሰራቸው 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ሙሉ ፍሬም ካሜራዎች ናቸው። ሁለቱም ሁለት የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ፣ የሚገለበጥ ስክሪን፣ የማይክሮፎንና የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አላቸው። የሁለት ካርድ ነገር ቀላል አይምሰለን። 6ዲ አንድ ካርድ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ያ ካርድ ከተበላሸ ሰርጉ ጠፋ ማለት ነው። የሙሽራ እናት ፊት ቆሞ ይህን መናገር ያለበት ሰው የካርዱን ጥቅም ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ የሚሰሙት ቁጥር ሜጋፒክስል ነው። ሶኒው 33፣ ካኖኑ 24። ገዢው ወዲያው 33 ይበልጣል ይላል፤ ሻጩም አይከራከርም። ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ለማየት ግን ወደ ቢርካ እንሂድ። በሶማሌ ክልል የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበትን ቢርካ ያላየ የአገሩ ሰው የለም። ቢርካ ከሰማይ በቀጥታ የሚቀበለው ዝናብ የሚወሰነው በአፉ ስፋት ነው። ያንኑ ውሃ በ24 ጀሪካን ቢቀዱት ወይም በ33 ጀሪካን ቢቀዱት የዘነበው ያው ነው፤ ልዩነቱ 33ቱ ጀሪካኖች አነስ አነስ ማለታቸው ብቻ ነው። የሁለቱ ካሜራዎች ሴንሰር ስፋት እኩል ስለሆነ የሚቀበሉት ብርሃንም እኩል ነው። የካኖኑ አንድ ፒክስል ጎኑ 6 ማይክሮን ያህል ነው፣ የሶኒው 5.1። ስለዚህ ሶኒው በጨለማ በጣም ያንሳል የሚለውም፣ ካኖኑ ጥራት የለውም የሚለውም የተጋነነ ነው።

ታዲያ ትርፉ 9 ሚሊዮን ፒክስል ምን ይሠራል? የካኖኑ ፎቶ በወርዱ 6,000 ፒክስል፣ የሶኒው 7,008 ፒክስል አለው። ሜጋፒክስል ስፋትን ስለሚቆጥር ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል እንጂ በጎን ሲለካ 17 ከመቶ ብቻ ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ብናትም ካኖኑ 51 ሴንቲ ሜትር፣ ሶኒው 59 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ፎቶ ያወጣል። የሰርግ አልበሙ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሁለቱም ተርፎአቸዋል። ሶኒው የሚጠቅመው ከሩቅ የተነሳ ፎቶ ቆርጦ ለሚያሳድግ ሰው ነው። በአንጻሩ ፋይሉ ይከብዳል። ጥራቱ ሳይቀነስ ተጨምቆ የተቀመጠ አንድ ሮው ፋይል በካኖኑ 30 ሜጋባይት ገደማ ቢሆን በሶኒው ወደ 40 ይጠጋል፤ በአንድ ሰርግ 2,000 ፎቶ የሚያነሳ ሰው 60 እና 80 ጊጋባይት እያለ ይቁጠረው። ሃርድ ዲስክ በየወሩ ለሚገዛ ፎቶ ቤት ይህ ወጪ ነው።

ብርሃኑን እንመልከት። አውበሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ አካባቢ፣ ቀትር ላይ ልክ ከአናት በላይ ትሆናለች። በታኅሣሥ እንኳ የቀትር ከፍታዋ ከ56 ዲግሪ በታች አይወርድም። የተመራቂ ተማሪዎች ፎቶ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያው በ6 ሰዓት ነው የሚነሳው። ግንባርና አፍንጫ ያበራል፣ የዓይን ጉድጓድ ይጨልማል። ይህን የሚያስተካክል ቦዲ እስካሁን አልተሠራም። ጥላ ፈልጎ ሰዎቹን ማስጠጋት፣ ነጭ ጨርቅ ወይም ፎም ከታች ይዞ ብርሃን መመለስ፣ ወይም ፍላሽ መጨመር እንጂ ሌላ መላ የለውም።

የቆዳ ቀለም ጉዳይ ግን ካሜራውንም ይነካል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ሙሽራዋ ነጭ ቬሎ ለብሳ ፍሬሙን ከሞላችው መለኪያው በዛ ብሎ ያጨልመዋል፤ ፊቷም አብሮ ይጨልማል። ከጥቁር መጋረጃ ፊት የቆመ ጥቁር ሰው ደግሞ በተቃራኒው ይነጣል። ይህ ችግር ታሪክ አለው። የኮዳክ ፊልም ቀለም ለአሥርተ ዓመታት የሚስተካከለው «ሸርሊ ካርድ» በሚባል የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ የእኛ ዓይነት ፊት ግምት ውስጥ አልገባም። ዛሬ ሁለቱም ካሜራዎች የሰው ፊት ለይተው ብርሃኑን ለፊቱ ማስተካከል ይችላሉ፣ ያንን መክፈትና ማጥፋት ግን የባለሙያው ድርሻ ነው። የካኖን ጄፔግ የፊት ቀለም ያምራል የሚል እምነት በሙያው ሰዎች ዘንድ የቆየ ነው። እኔ የምመክረው ሻጩ በሰጠው ናሙና ፎቶ ሳይሆን በአንድ የቤተሰብ አባል ፊት፣ በዚያው ሱቅ በር ላይ፣ በሁለቱም ካሜራዎች አንስቶ ማየትን ነው። የነጭ ሞዴል ፎቶ ለእኛ ገዢ ምንም አይነግረውም።

አሁን ሁለቱ ካሜራዎች በእርግጥ ወደሚለያዩበት ቦታ ደረስን፤ ወደ ማታው አዳራሽ።

ኒካሕ ሲታሰር ሰው ጸጥ ይላል። ሼኹ እያነበቡ ካሜራ ጣ ጣ ጣ ሲል ሰው ዞር ብሎ ያያል፤ ጥሩ ባለሙያ በዚያ ሰዓት ድምፅ የሌለውን ሻተር ይመርጣል። ድምፅ አልባው ሻተር ኤሌክትሮኒክ ነው። ሴንሰሩ ምስሉን በአንድ ጊዜ አያነብም፤ ሰው የመጽሐፍ ገጽ እንደሚያነብ ከላይኛው መስመር ጀምሮ መስመር በመስመር ወደ ታች ይወርዳል። ሶኒው አንዱን ገጽ ለመጨረስ የሰከንድ 15ኛ ያህል ይፈጅበታል። ካኖኑ የሰከንድ 70ኛ ገደማ ይበቃዋል። ይህ ከአራት እጥፍ በላይ ልዩነት ነው፤ ሁለቱን ካሜራዎች ለሰርግ ሲያወዳድሩ ከሜጋፒክስሉ ይልቅ ሊያነጋግር የሚገባው ቁጥር እሱ ነበር።

ለምን ቢሉ፣ አምፖሎቻችን ይርገበገባሉ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዙር ይመላለሳል፤ ብዙዎቹ ርካሽ ኤልኢዲና ሸምበቆ አምፖሎች በዚሁ ምክንያት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ዓይናችን አይለየውም፤ ካሜራ ግን ይለየዋል። ሶኒው በድምፅ አልባ ሻተር ገጹን ከላይ እስከ ታች ሲያነብ አምፖሉ ስድስት ሰባት ጊዜ ደምቆ ይደበዝዛል፤ ሻተሩ ፈጣን ከሆነ ፎቶው ላይ ያን ያህል ጥቁር መስመር ይጋደማል። በካኖኑ አንድ ወይም ሁለት ይሆናል። ካኖኑም ፈጽሞ ነጻ አይደለም፤ ጉዳቱ ግን ያንሳል። ዳንቶ የሚጨፍር ወጣት እጁን ሲወረውር ደግሞ በሶኒው ድምፅ አልባ ሻተር ክንዱ የተጣመመ ሊመስል ይችላል፤ ገጹ ተነቦ እስኪያልቅ እጁ ቦታ ለውጧልና።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሻተሩን በሰከንድ 100ኛ ወይም 50ኛ ላይ ማድረግ። ያኔ እያንዳንዱ መስመር አንድ ወይም ሁለት ሙሉ የአምፖል ርግብግብታ ስለሚቀበል ሁሉም እኩል ይበራል። ፈጣን ሻተር የግድ ከሆነ ወደ ሜካኒካል ሻተር መመለስ ይሻላል። በሁለቱም ካሜራዎች ላይ የመብራት ርግብግብታን የሚከላከል ምርጫ አለ፤ ሜኑ ውስጥ ፈልጎ መክፈት ነው። ጀነሬተር ሲነሳ ግን ነገሩ ይለወጣል። የጀነሬተር ዙር ልክ 50 ላይ ስለማይቆም ሰከንድ 100ኛም ሙሉ በሙሉ ላያድን ይችላል። ሰርጉ ከመጀመሩ በፊት ጀነሬተሩን አስነስቶ ሁለት ሦስት የሙከራ ፎቶ ማንሳት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ቪዲዮ ላይ ይህንኑ ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ። ከአሜሪካ በመጣ ካሜራ ጅግጅጋ ውስጥ አንድ ሰርግ ስቀርጽ ካሜራው በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ሻተሩም 60ኛ ላይ ነበር። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ዙር ስለሆነ እዚያ ልክ ነው። እዚህ ግን ቤት ገብቼ ስከፍተው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥላ ከላይ ወደ ታች ይንከባለል ነበር። ሙሽሮቹን ይቅርታ ጠይቄ ግማሽ ክፍያ መለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንኛውም አዲስ ካሜራ ሜኑ ስከፍት መጀመሪያ የማደርገው የቪዲዮውን ሥርዓት ወደ «ፓል» መለወጥ ነው፤ 25 ፍሬም ከሆነ ሻተር 50ኛ፣ 50 ፍሬም ከሆነ 100ኛ።

50 ፍሬም ካነሳን ዘንዳ፣ እዚህ ላይ ሌላ ልዩነት አለ። የሙሽራዋን አገባብ ወይም የጭፈራውን ምት ቀስ አድርጎ ለማሳየት ቀራጩ በሰከንድ 50 ፍሬም ይቀርጻል፤ በ25 ሲጫወት ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ካኖኑ ይህን በፎር ኬ ጥራት በሙሉ የሴንሰሩ ወርድ ይሠራል። ሶኒው ግን ፎር ኬ 50 ላይ ሲገባ የሴንሰሩን መሐል ብቻ ይጠቀማል፤ ምስሉ አንድ ተኩል እጥፍ ይጠባል። 24 ሚሊ ሜትር የነበረው ሌንስ እንደ 36 ሚሊ ሜትር ያያል። በሰፊ ሜዳ ላይ ይህ ምንም አይደለም። ድንኳን ውስጥ ግን ከኋላዎ የሰው ግድግዳ አለ፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ መሄጃ የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የሠራ ሰው ይህን ልዩነት በጀርባው ያውቀዋል። በ25 ፍሬም ግን ሶኒው ሙሉውን ወርድ ይሰጣል፤ ጥራቱም ግሩም ነው።

በነገራችን ላይ፣ ስለ ሰርግ ሲነሳ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በሶማሌ ሰርግ የሴቶቹ ግብዣና በሰባተኛው ቀን የሚደረገው የሻሽ ሥነ ሥርዓት የሴቶች ስብስብ ነው። ብዙ ቤተሰብ ወንድ ካሜራ ይዞ እንዲገባ አይፈልግም፣ ፎቶውም ከቤት እንዲወጣ አይፈልግም። ስለዚህ በአውበሬም በጅግጅጋም ለሴት ባለሙያ የሚሆን ሰፊ ሥራ አለ። እህት ወይም ሚስት ያለው ባለፎቶ ቤት ካሜራ ሲገዛ በእሷ እጅ መጠን ጭምር ይለካው። ክብደታቸው እንደሆነ ተቀራራቢ ነው፤ ከባትሪና ካርድ ጋር ሶኒው 658፣ ካኖኑ 670 ግራም። የእጅ መያዣቸው ቅርጽ ግን ይለያያል፤ ይህንን በቁጥር ማስረዳት አይቻልም፣ መጨበጥ ብቻ ነው።

ስለ አውቶፎከስ ብዙ አልጽፍም። ሁለቱም ዓይን ፈልገው ይይዛሉ፣ ሁለቱም ከ6ዲ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም፤ 6ዲ ያሉት 11 ነጥቦች ብቻ ናቸው። በተከታታይ ለማንሳት ካኖኑ በሜካኒካል ሻተር በሰከንድ 12፣ ሶኒው 10 ፎቶ ያነሳል። ለሰርግ ሁለቱም ይበዛሉ።

ሌንስ ግን ሙሉ ክርክሩን ሊገለብጠው ይችላል። ሶኒ የሌንስ መግጠሚያውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2011 ለሌሎች አምራቾች ከፍቷል። በዚህ ምክንያት ሲግማና ታምሮን ለሶኒ ርካሽና ጥሩ ሌንስ እየሠሩ ያወጣሉ። የሲግማ 24-70 ኤፍ 2.8 ሌንስ ሲወጣ 1,099 ዶላር ነበር፤ የታምሮን ሁለተኛው 28-75 ደግሞ 899። ካኖን ለአዲሱ መግጠሚያው የሠራው ተመሳሳይ 24-70 ሌንስ 2,299 ዶላር ወጣ፤ ከቦዲው የማይተናነስ ዋጋ ነው። ካኖን በሙሉ ፍሬም ካሜራዎቹ ላይ አውቶፎከስ ያላቸውን የሌሎች አምራቾች ሌንሶች ለረጅም ጊዜ ሲከለክል ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ለሲግማና ለታምሮን የከፈተው በርም ለትንንሽ ሴንሰር ካሜራዎች ነው። በዚያው ዓመት ራሱ 1,099 ዶላር የሚያወጣ 28-70 ሌንስ ማውጣቱ ነገሩን ትንሽ አቅልሎታል። ቢሆንም ከዜሮ ለሚነሳ ሰው ሶኒ ርካሹ መንገድ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም።

ወጣታችን ግን ከዜሮ አይነሳም። ካኖን የቀድሞውን መግጠሚያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የተሠሩ የዚያ መግጠሚያ ሌንሶች ሁሉ ውስጡ መስታወት በሌለው፣ ሲወጣ 99 ዶላር በነበረ አዳፕተር አዲሱ ካኖን ላይ ይገጥማሉ፤ አውቶፎከሳቸውም ያለችግር ይሠራል። 24-105 ሌንሱም 85ቱም ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የካኖንን ሌንስ ሶኒ ላይ የሚገጥም አዳፕተርም አለ፤ አውቶፎከሱ በተለይ ቪዲዮ ላይ ያንን ያህል አያስተማምንም። በኢትዮጵያ ለዓመታት በየፎቶ ቤቱ የተከማቸው የካኖን ሌንስ ብዙ ስለሆነ ያገለገለ ማግኘቱም ቀላል ነው።

ባትሪም እንደዚሁ ነው። የ6ዲ ባትሪ አዲሱ ካኖን ውስጥ ይገባል፤ በካሜራው ውስጥ በኬብል አይሞላም እንጂ በቀድሞው ቻርጀር ይሠራል። የሶኒው ባትሪ ደግሞ በጣም ብርቱ ነው፤ በስክሪን ለሚሠራ ሰው በመደበኛው መለኪያ 580 ፎቶ ይቆያል። ሁለቱም በዩኤስቢ ሲ ይሞላሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ካኖኑ ግን ተራ የስልክ ቻርጀር አይበቃውም፣ «ፓወር ዴሊቨሪ» የሚለውን ዓይነት ይጠይቃል። ከሶላር ወይም ከፓወር ባንክ የሚሞላ ሰው ይህን ሳያረጋግጥ ከቤት አይውጣ።

የአቧራውን ነገር የጅግጅጋን ሜዳ በነፋስ ቀን ያቋረጠ ያውቀዋል። መስታወት የሌለው ካሜራ ሌንሱ ሲወልቅ ሴንሰሩ ተራቁቶ ይታያል። ሁለቱም ሲጠፉ ሻተራቸውን እንዲዘጉ ማድረግ ይቻላል፤ ይህን ሜኑ ውስጥ ፈልገው ያብሩት። ካሜራውን ሳያጠፉ ሌንስ አይቀይሩ፣ የካሜራውን አፍ ወደ ታች ያዙ፣ በአፍዎ እፍ አይበሉበት።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ 2,500 ዶላር 142,500 ብር ይመጣ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ዶላር 100 ብር አለፈ፤ ያው ካሜራ ቀረጥና ትርፍ ሳይታሰብ 250,000 ብር ሆነ። ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ስለዚህ ብዙ ሰው ያገለገለ ቢፈልግ አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ሁለቱም ኩባንያዎች ተተኪ ሞዴል ስላወጡ የሁለቱም ያገለገሉ ቦዲዎች በገበያው ላይ መብዛታቸው አይቀርም።

ያገለገለ ሲገዙ ሰማይ ያንሱ። ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አድርገው፣ ፎቶውን አሳድገው ይዩት፤ የማይጠፋ ነጥብ ካለ ሴንሰሩ ቆሽሿል ወይም ተጭሯል። ሁለቱንም የካርድ ቀዳዳዎች በየራሳቸው ካርድ ይሞክሩ። ሜኑውን ይክፈቱ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የሶኒ ቦዲዎች ከጃፓንኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የላቸውም፣ ዋጋቸው የረከሰውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ከድንበር ከተማዋ ከቶጎ ውጫሌ በኩል የገባ ዕቃ ከሆነ የቀረጥ ወረቀቱን ይጠይቁ። ዲክላራሲዮን የሌለው ካሜራ ርካሽ ቢመስልም በጅግጅጋና በሐረር መንገድ ኬላ ላይ ሊወረስ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው ካሜራው ብቻ ሳይሆን ካርዱ ላይ ያለው የሰው ሰርግ ጭምር ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። ምንም ሌንስ የሌለው፣ ብዙ የቀን ሥራ ያለው፣ ፎቶውን ከቪዲዮው የሚያስበልጥ ሰው ሶኒውን ይግዛ፤ በቦዲው እኩል ከፍሎ በሌንሱ ይተርፈዋል። የአውበሬው ወጣት ግን ካኖኑን ይግዛ። ሌንሶቹ እጁ ላይ ናቸው፣ ባትሪዎቹ ይገባሉ፣ የሚሠራው በጠባብ ድንኳን ውስጥ በሚርገበገብ አምፖል ሥር ነው፣ ኒካሑም ጸጥታ ይፈልጋል። ካኖኑ የሚበልጠው በወረቀት ላይ አይደለም፤ በእሱ ሥራ ላይ ነው።

በሌንስ ያተረፈውንም ገንዘብ በሌላ ዕቃ አያጥፋው። አንድ ጥሩ ፍላሽ፣ ሁለት ተጨማሪ ባትሪና ሁለት ትክክለኛ ካርድ ይግዛበት። ከመክፈሉ በፊት ደግሞ ሻጩን ይለምነው፤ ማታ፣ መብራት ባለበት አዳራሽ፣ በራሱ ካርድ፣ ሻተሩን 100ኛ ላይ አድርጎ ሃያ ፎቶ ያንሳ። ቤቱ ወስዶ በትልቅ ስክሪን ይያቸው። ይህን የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመው ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ ሱቅ ይሂድ።